ሐዋሳ ከልጆች ጋር፦ አሞራ ገደል፣ ፍቅር ሐይቅ፣ ታቦር ወይስ ወንዶ ገነት?

ልጅ ይዞ ሐዋሳ ለሚሄድ ሰው ሁሉም የሚሰጠው ምክር አንድ ነው። «ዓሣ ብሉ፣ ጀልባ ላይ ውጡ፣ ሐይቅ ዳር ተንሸራሸሩ።» ምክሩ ስህተት የለበትም። ግን የትኛው ለየትኛው ልጅ እንደሚሆን፣ በስንት ሰዓት እንደሚሄዱበት፣ የትኛውስ ቢቀር እንደማይቆጭ አይነግራችሁም። የሁለት ቀን እረፍት ብቻ ላላት፣ በአንድ እጇ የሦስት ዓመት በሌላው የአሥር ዓመት ልጅ ለያዘች እናት ግን የሚያስፈልጋት ይሄው ነው።

የኔን አቋም መጀመሪያውኑ ልናገር። ሐዋሳ ላይ ከልጅ ጋር ምርጫውን የሚወስነው ሰዓቱ ነው። ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ልጆችን አፍ የሚያስከፍተው አሞራ ገደል እኩለ ቀን ላይ ጸሐይና ሽታ ብቻ ነው። አመሻሽ ላይ የሚያምረው ፍቅር ሐይቅም ቀትር ላይ ጥላ የሚፈልጉበት ቦታ ነው። ስለዚህ ቦታዎቹን ከማወዳደራችሁ በፊት ቀናችሁን ለሦስት ክፈሉት፤ ጠዋት፣ ቀትርና አመሻሽ። ከዚያ ለእያንዳንዱ አንድ ቦታ ብቻ ስጡት። አራተኛ ቦታ የጨመረ ቤተሰብ ማታ ላይ የሚያለቅስ ልጅ ተሸክሞ ባጃጅ ይፈልጋል።

ጠዋት፦ አሞራ ገደል

አንድ ነገር ብቻ የማየት ዕድል ካላችሁ አሞራ ገደል ይሁን። ሌላው ሁሉ በሌላ ከተማ በሆነ መልኩ ይገኛል፤ ይሄ ግን የሐዋሳ ነው። በታቦር ተራራ ግርጌ ሐይቁ ዳር ያለ የዓሣ ገበያ ነው፤ መግቢያ ላይ ይከፈላል። ዓሣ አጥማጆቹ የጣሉትን መረብ እየሰበሰቡ በማለዳ ይመጣሉ፤ ስለዚህ ከ1 እስከ 3 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ድረሱ። አርፍዳችሁ ከሄዳችሁ የምታገኙት ጥብሱን እንጂ ትርዒቱን አይደለም።

ትርዒቱ እንዲህ ነው። ጀልባው ዳር ሲደርስ ዓሣው ከመረቡ እየተፈታ ይወርዳል። አንዱ ቅርፊቱን ይፍቃል፣ ሌላው በአንድ ምት ሆዱን ከፍቶ አንጀቱን ወደ ኋላው ይጥላል፣ ሦስተኛው ሥጋውን ከአጥንቱ ይለያል። የቢላዋው ፍጥነት ትልቅ ሰውንም ያስቆማል። ከኋላቸው ደግሞ አባ ኮዳ ተሰልፎ ይጠብቃል። ይሄ ወፍ ቁመቱ እስከ አንድ ሜትር ተኩል ይደርሳል፤ የሰባት ዓመት ልጃችሁን ያክላል ወይም ይበልጣል ማለት ነው። ራሱ መላጣ ነው፣ ጀርባው ጥቁር ግራጫ፣ አንገቱ ላይ ቀላ ያለ ከረጢት ይንጠለጠላል። ልጆች ሁሌ የሚጠይቁት ስለዚህ ከረጢት ነው፤ «ዓሣውን እዚያ ነው የሚያስቀምጠው?» አይደለም፤ አየር የሚሞላ ከረጢት ነው። ራሱ መላጣ የሆነው ለምን እንደሆነ ከጠየቁም የሚበላው ጥንብና ሆድ ዕቃ ስለሆነ ላባ ቢኖረው ሁሌ በደም ይጨማለቅ ነበር ብላችሁ መመለስ ትችላላችሁ። ውሃው ላይ ደግሞ ፔሊካኖች አሉ፤ ከታች መንቆራቸው ሥር ያለው ከረጢት ግን እውነትም ዓሣ ማጥመጃ ነው። ሁለቱን ጎን ለጎን አይቶ ልዩነቱን የሚናገር ልጅ ከትምህርት ቤት ጉብኝት የበለጠ ነገር ይዞ ይመለሳል።

አንድ ማሳሰቢያ። አባ ኮዳን ልጁ በእጁ እንዲመግብ አትፍቀዱ። እዚያ ያሉ ወጣቶች አንጀት ሲወረውሩለት ቀላል ይመስላል፤ መንቆሩ ግን ከልጅ ክንድ ይረዝማል፤ ሲሻሙ ደግሞ የሚያዩት ምግቡን ብቻ ነው። መመገብ ካማራችሁ አዋቂው ይወርውር፣ ልጁ ከኋላ ቆሞ ይይ።

ዛፎቹ ላይ ሁለት ዓይነት ዝንጀሮ መሰል እንስሳት አሉ፤ ጦጣና ጉሬዛ። በጣም ይለያያሉ። ጦጣዋ ደፋር ናት፤ ሙዝ ወይም ብስኩት የያዘ ልጅ ካየች ትነጥቃለች፤ ቦርሳ ዚፕም አይገታትም። ጉሬዛ ጥቁርና ነጭ ረጅም ጠጉር ያለው፣ ቅጠል በሊታ፣ አብዛኛውን ጊዜ ከላይ ቁጭ ብሎ የሚመለከት ነው። ጉሬዛ አውራ ጣት የለውም ማለት ይቻላል፤ ቅርንጫፍ ሲይዝ አራቱን ጣቶች እንደ መንጠቆ ይጠቀማል። ይህን ነግራችሁ «እስቲ እጁን እዩት» ካላችኋቸው ለሃያ ደቂቃ ዝም ብለው አንጋጠው ይቆማሉ። ምግብ ግን ቦርሳ ውስጥ ይቆይ።

ቁርሱን እዚያው ብሉ። የዓሣ ሾርባው ትኩስ ነው፤ ጥብሱ ከፊታችሁ ይጠበሳል። ቆሮሶና አምባዛ በብዛት ይገኛሉ። ለልጅ ሙሉውን የተጠበሰ ቆሮሶ ስታዙ አጥንቱን ራሳችሁ ልቀሙለት፤ ካልሆነ አጥንቱ የወጣለትን ወይም ጉላሽ እዘዙ። ጥሬ ዓሣ በዳጣ ለሚወዱ አዋቂዎች እንደ ምርጫቸው ይሁን። ለልጅ ግን አልመክርም፤ ጥሬ የሐይቅ ዓሣ የአንጀት ጥገኛ ትል ሊያስይዝ ይችላል፤ አንጀቱ ገና ላልጠነከረ ልጅ ደግሞ ጣዕሙ ከጣጣው አይበልጥም።

አሞራ ገደል የማይሆነው ለማን ነው? ደም ማየት ለሚያስፈራው ልጅ፣ ሽታ ለማይችል ሰው፣ ገና ድክ ድክ ለሚል ሕፃን። መሬቱ ያዳልጣል፣ ቢላዋ በየቦታው ነው፣ የዓሣ እሾህም እግር ይወጋል። ክፍት ጫማ አታድርጉላቸው። ሕፃን ካላችሁ አዝላችሁት ግቡ፤ ጋሪ እዚያ አይሠራም።

አመሻሽ፦ ፍቅር ሐይቅ

ፍቅር ሐይቅ የአሞራ ገደል ተቃራኒ ነው፤ ብዙም የሚያሳየው ነገር የለም፣ ግን ሁሉንም ሰው ይመቸዋል። በሐይቁ ዳር የሚሄድ የእግር መንገድ ነው። ከተማዋን ከሐይቁ ሙላት ለመከላከል በተሠራው ግድብ ላይ ስለሆነ ሜዳ ነው፤ የልጅ ጋሪ ይሄድበታል፣ ጉልበታቸው የደከመ አያትም ሳይቸገሩ ይራመዱበታል። ከ11 ሰዓት ጀምሮ ሙቀቱ ይበርዳል፣ ጀበና ቡና ይቀርባል፣ የከተማው ሰውም ወጥቶ መዋል የሚወደው በዚሁ ሰዓት ነው።

ፍቅር ሐይቅን ከአሞራ ገደል ጋር ስታወዳድሩ ጥያቄው ልጆቻችሁ ስንት ዓመታቸው እንደሆነ ነው። ከአምስት ዓመት በታች ከሆኑ ፍቅር ሐይቅ ያሸንፋል፤ መሮጥ ይፈልጋሉ፣ መሮጫውም አለ። ከሰባት በላይ ከሆኑ ግን ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ «አሁን ምን እናድርግ?» ይመጣል። ሁለቱም ዕድሜ ካለ ጠዋት ወደ አንዱ፣ አመሻሽ ወደ ሌላው ብትሄዱ ጭቅጭቅ አይኖርም። ስጋቱ አንድ ነው፤ ውሃው ቅርብ ነው፣ በየቦታውም አጥር የለም። ትንሿን የሚከታተል አንድ ሰው ቀድማችሁ ወስኑ፤ «ሁላችንም እናያታለን» ማለት ማንም አያያትም ማለት ነው። ጸሐይ ስትጠልቅ ደግሞ ትንኝ ይወጣል። ሐዋሳ ከፍታዋ ከባሕር ጠለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ነው፤ ወባ አለ። ረጅም እጅጌ ልብስና ካልሲ ያዙ፣ ማታ አጎበር ያለው ክፍል ጠይቁ።

ጀልባ ወይስ የብስ?

ጀልባው ብዙ ቤተሰብ የሚጨቃጨቅበት ጉዳይ ነው። ሐይቁ 90 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ያህል ስፋት አለው፤ ጥልቀቱ ትልቁ ቦታ ላይ ከ20 ሜትር ይበልጣል። ወንዝ የሚገባበት እንጂ በገሃድ የሚወጣበት የለውም፤ ዋናው ገባሪ ጥቁር ውሃ ነው። ጀልባዎቹ የሚወስዷችሁ ጉማሬ ለማየት ነው፤ በአብዛኛውም ወደ ጥቁር ውሃ አቅጣጫ ይሄዳሉ።

ጉማሬ ማየት ዋስትና የለውም። ጉማሬ ሌሊት ወጥቶ ሣር ይበላል፣ ቀን ውሃ ውስጥ ያርፋል፤ ስለዚህ ካገኛችሁትም የምታዩት ብዙውን ጊዜ ሁለት ጆሮ፣ ሁለት ዓይንና አፍንጫ ነው። ይህን ለልጆቹ ቀድማችሁ ካልነገራችኋቸው ቴሌቪዥን ላይ እንዳዩት አፉን እንዲከፍት ይጠብቃሉ፤ ካልከፈተ ይከፋቸዋል። ከነገራችኋቸው ግን ጆሮውን መጀመሪያ ለማየት ይሽቀዳደማሉ። ጀልባ ነጂው «ጠጋ እንበል» ቢላችሁ እምቢ በሉ። ጉማሬ ከአንድ ቶን በላይ የሚመዝን፣ በተለይ ግልገል ሲኖረው ጀልባ የሚገለብጥ እንስሳ ነው። ራቅ ብሎ ሞተር አቁሞ ማየት ይበቃል።

ጠዋት ይሻላል። ከሰዓት በኋላ ነፋስ ሲነሳ ሐይቁ ይናወጣል፤ ትንሽ ጀልባ ላይ ልጅ ያስመልሰዋል። ከመሳፈራችሁ በፊት ሦስት ነገር ጨርሱ። ዋጋው ለጀልባው ሙሉ ነው ወይስ በነፍስ ወከፍ? ስንት ሰዓት እንቆያለን? በልጅ ልክ የሆነ የሕይወት አድን ጃኬት አለ? የአዋቂ ጃኬት የለበሰ የአራት ዓመት ልጅ ውሃ ውስጥ ቢወድቅ ጃኬቱ ተንሳፍፎ ልጁ ከታች ይወጣል፤ ስለዚህ በልኩ ከሌለ አትሳፈሩ። በዚህ ጉዳይ ላይ ይሉኝታ አያስፈልግም። ሌላ ጀልባ አለ፤ ከሌለም የብስ ላይ ብዙ የሚታይ ነገር አለ።

ከሦስት ዓመት በታች ልጅ ካለ እኔ ጀልባውን እተወዋለሁ። አንዱ ወላጅ ከትልልቆቹ ጋር ይሂድ፣ ሌላው ከትንሹ ጋር ዛፍ ሥር ይቆይ።

ታቦር

ታቦር ቶሎ የሚወሰን ነው። ልጆቹ ሰባት ዓመት ከሞላቸው፣ በእግር መሄድ ከወደዱ፣ ዝናብ ካልጣለ፣ ውጡ። ትንሽ ተራራ ነው፤ ከላይ ሆናችሁ በአንድ በኩል ሐይቁን በሙሉ፣ በሌላ በኩል በዛፍ የተሸፈነችውን ከተማ ታያላችሁ። ልጆች ማረፊያቸውን ከላይ ሲፈልጉ ደስ ይላቸዋል። አፈሩ ልቅ ነው፤ መውጣቱ አያስቸግርም፣ መውረዱ ያንሸራትታል። ማለዳ ወይም 10 ሰዓት አካባቢ ይሻላል፤ ብቻችሁን ከመውጣት አካባቢውን የሚያውቅ ሰው ይዛችሁ ውጡ፤ ሳይመሽም ውረዱ። አያቶች ካሉ ታቦር ይቅር። ከተማዋን ለማየት በፍቅር ሐይቅ መንገድ መራመድ ወይም ብስክሌት መንዳት ይበቃቸዋል፤ ሐዋሳ ሜዳ ስለሆነች ብስክሌት ድሮም ልማዷ ነው፤ መንዳት የቻለ ልጅ ካላችሁ ይህን አትርሱ።

ዋና፦ በዚህ ላይ አልለሳለስም

ሐይቅ ከተማ ሄዶ ልጅን «ውሃ ውስጥ አትግባ» ማለት ከባድ ነው። ግን መባል አለበት። በሐዋሳ ሐይቅ ዳር ባሉ አካባቢዎች ቢልሃርዚያ አለ። በሽታው የሚመጣው ጥልቀት በሌለው፣ ቄጤማና ሣር ባለበት የሐይቅ ዳር ከሚኖሩ ቀንድ አውጣዎች ነው። ከቀንድ አውጣው የሚወጣው እጭ በዓይን አይታይም፤ ቆዳ በስቶ ይገባል፣ ውሃ መጠጣትም አያስፈልገውም። እግር ነክሮ መጫወት ብቻ በቂ ነው። የአካባቢው ልጆች ሲዋኙ ታያላችሁ፤ እነሱ ስለዋኙ ውሃው ንጹሕ ነው ማለት አይደለም። ልጃችሁ ገብቶ ከተገኘ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ምርመራ አድርጉለት፤ በጊዜ ከተገኘ የሚታከም በሽታ ነው፤ ከተተወ ግን ጉበትን ይጎዳል።

እንግዲህ ልጁ መዋኘት ካለበት ሦስት አማራጭ አለ።

አንደኛው የሆቴል መዋኛ ገንዳ ነው። ሐይቁ ዳር ያሉት ሪዞርቶች፣ ለምሳሌ አትሌት ኃይሌ ገብረሥላሴ እ.ኤ.አ. በ2010 የከፈተው ኃይሌ ሪዞርት፣ ወይም ሌዊ፣ ገንዳም ጥላም አላቸው። ሳያድሩ ከፍሎ መዋኘት ይቻል እንደሆነና የልጆች ክፍያ ስንት እንደሆነ በስልክ አጣሩ፤ በበዓልና በቅዳሜና እሁድ ይጨናነቃል። ቀትር ላይ ከ6 እስከ 10 ሰዓት ያለውን ጊዜ ለመሙላት ከዚህ የተሻለ የለም። ትንንሾቹ በዚያው ይተኛሉ፣ ትልልቆቹ ይዋኛሉ፣ እናንተም ታርፋላችሁ።

ሁለተኛው ወንዶ ገነት ነው። ከሐዋሳ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል። ፍል ውሃና ደን ያለበት፣ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመን የንጉሡ ማረፊያ የነበረ ቦታ ነው። ፍል ውሃው ከሚፈልቅበት ላይ በቆሎ፣ ድንችና እንቁላል ይቀቀላል፤ ይህን ያየ ልጅ «መሬቱ ሥር እሳት አለ እንዴ?» ብሎ ይጠይቃል። መልሱ ቀላል ነው፤ አካባቢው በሙሉ ስምጥ ሸለቆ ነው፣ መሬቱ የሚሰነጠቅበትና የሚሳሳበት ቦታ፤ ከታች ያለው ግለት ውሃውን አሙቆ ይገፋዋል። ጉሬዛና ብዙ ወፍ ደኑ ውስጥ አለ፤ የደን ኮሌጁም እዚያው ነው፣ አሁን የሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ አካል ነው።

ወንዶ ገነትን ከከተማው ገንዳ ጋር ሳወዳድር የማየው ይህን ነው። ትልልቅ ልጆች ላሉት፣ የራሱ መኪና ላለው፣ ሙሉ ቀን ለመስጠት ለተዘጋጀ ቤተሰብ ወንዶ ገነት ይበልጣል። የሁለት ቀን ጉዞ ላይ ግን አንዱን ቀን ይበላዋል። ለሕፃናትም ውሃው ሙቅ ነው፤ ትንሽ ልጅ ሙቅ ውሃ ውስጥ ቶሎ ይዝላል፣ ፈሳሽም ያጣል፤ አሥር ደቂቃ አስገብታችሁ አውጡ፣ የሚጠጣ ውሃ ስጡ። ምንጩ አካባቢ ደግሞ እጁን ሳትለቁ ሂዱ፤ ያ ውሃ ያቃጥላል። ከመነሳታችሁ በፊት ገንዳው ክፍት መሆኑንና መንገዱ ሰላም መሆኑን የሐዋሳ ሹፌር ወይም ማረፊያችሁን ጠይቁ።

ሦስተኛው ላንጋኖ ነው፤ ሐዋሳ ሳይሆን መንገድ ላይ ያለ። ውሃው ቡናማ ነው፣ ልጆች መጀመሪያ ይጠየፉታል። ከቢልሃርዚያ ነፃ ነው ስለሚባል ግን ሐይቅ ውስጥ መዋኘት ያማረው ልጅ ምኞቱን የሚያወጣው እዚያ ነው። ለዚህ ነው ሐዋሳ ላይ ልጆቻችሁን ስትከለክሉ «ስንመለስ ላንጋኖ» ማለት የሚያዋጣው። ቃላችሁን ግን አክብሩ።

እንስሳ ለሚወዱ፦ ሰንቀሌ ወይስ አብያታ ሻላ?

ሁለቱም ከከተማ ውጪ ናቸው፣ ከሐዋሳ ተነስታችሁ ብትሄዱባቸው ሁለቱም ግማሽ ቀን ይወስዳሉ። ሰንቀሌ ከሻሸመኔ ወደ ምዕራብ፣ አጄን አልፎ ያለ የቆርኬ መጠለያ ነው። ቆርኬው ዛሬ በኢትዮጵያ ብቻ የሚገኝ ዝርያ ነው፤ ቀንዱ የተቆለመመ፣ ፊቱ ረዘም ያለ፣ ቀይ ቡናማ። ቦታው ሜዳ ስለሆነ ከጠባቂ ጋር ሲገቡ ማየት አይቸግርም። ለአሥር ዓመት ልጅና ከዚያ በላይ ይሆናል፤ ለትንንሾች ግን «ፍየል ናት?» ከማለት አያልፍም።

አብያታ ሻላ ለብዙ ቤተሰብ የተሻለ ምርጫ ነው፤ ምክንያቱም ከአዲስ አበባ ሐዋሳ ስትሄዱ መንገዳችሁ ላይ ነው፣ መዞር የለበትም። በበሩ አካባቢ ሰጎንና ከርከሮ ይታያሉ። ሰጎን ከአባ ኮዳ ጋር የሚወዳደርበት ጉዳይ ልጆችን ያጨቃጭቃል፤ ቁመቱ ከሁለት ሜትር በላይ ነው፣ ግን አይበርም። ሻላ ከሀገራችን የስምጥ ሸለቆ ሐይቆች ጥልቁ ነው፤ ከ250 ሜትር በላይ ይወርዳል። ጎረቤቱ አብያታ ደግሞ ጥልቀት የሌለው ነው፣ ባለፉት አሥርት ዓመታትም በጣም ሸሽቷል። የሐዋሳው ሐይቅስ ይሸሽ ይሆን ብሎ ለሚጨነቅ ልጅ ይህን ማሳየት ትልቅ ትምህርት ነው። ጊዜ ከሌላችሁ ሰንቀሌን ተዉ፣ አብያታ ሻላን በመሄጃችሁ አንድ ሰዓት ስጡት።

መቼ?

ዓመቱን ሙሉ መሄድ ይቻላል፤ ክረምት ላይ ግን ታቦር ጭቃ ነው፣ ጀልባውም አያስተማምንም። ከመስከረም ማለቂያ እስከ ጥር ያለው ጊዜ ምቹ ነው። ሁለት ቀኖችን ግን አስቀድማችሁ እወቁ፤ ታኅሣሥ 19ና ሐምሌ 19። የሐዋሳ ቅዱስ ገብርኤል ክብረ በዓል ነው፤ ከመላ አገሪቱ ሕዝብ ይመጣል። በዓሉን ለማክበር ከሆነ የምትሄዱት ማረፊያ ቀድማችሁ ያዙ፤ ለመዝናናት ብቻ ከሆነ ሌላ ሳምንት ምረጡ፤ ዋጋው ይጨምራል፣ ክፍልም ይጠፋል፣ ሕዝቡ መሃል ትንሽ ልጅ መያዝም ቀላል አይደለም።

ፍቼ ጨምበላላ ግን ሌላ ነው። የሲዳማ ዘመን መለወጫ ነው፤ ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2015 በማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ላይ አስፍሮታል። ቀኑ በየዓመቱ ይለያያል፤ የሚወስኑት ከዋክብትን የሚያነቡ አያንቱዎች ናቸው። በዋዜማው ቡርሳሜ ይበላል፤ ከእንሰት የሚሠራ፣ በቅቤ የራሰ፣ በወተት የሚበላ ምግብ ነው። በማግስቱ ልጆች ከቤት ቤት እየዞሩ «አይዴ ጨምበላላ» ይላሉ፣ ጎረቤቱም ያበላቸዋል። ሕዝቡ ደግሞ ሐይቁ ዳር ባለው ጉዱማሌ ተሰብስቦ ይጨፍራል። በበዓሉ ዋዜማ ወይም ቀን ላይ ከተማዋ ውስጥ መገኘት ከቻላችሁ ከላይ የዘረዘርኩትን ሁሉ ትታችሁ እዚያ ሂዱ። ይህን በዓል የልጆች የሚያደርገው ልጆቹ ራሳቸው የበዓሉ ባለቤት መሆናቸው ነው፤ ተመልካች ልጅ የለም። ሕዝብ ብዙ ስለሆነ በልጁ ኪስ ስልክ ቁጥራችሁን ጽፋችሁ አስገቡ፤ ከጠፋን እዚህ እንገናኝ የምትሉትንም ቦታ ቀድማችሁ አሳዩት።

ለቤተሰባችሁ ስትመርጡ

አንድ ቀን ብቻ ካላችሁና ልጆቹ ከሰባት በላይ ከሆኑ፦ ማለዳ አሞራ ገደል፣ ቁርስ እዚያው፣ ከዚያ ሳይረፍድ ጀልባ፣ ቀትር ገንዳ፣ አመሻሽ ፍቅር ሐይቅ። ታቦርን ተዉት። ጠዋቱን በሁለት ለመክፈል አትጓጉ፤ አሞራ ገደልና ጀልባው አንድ ላይ ናቸው፣ ውሃው አንድ ነው።

ሕፃን ካላችሁ ገልብጡት። ጠዋት በፍቅር ሐይቅ ሣር ላይ፣ ቀትር ማረፊያችሁ ውስጥ እንቅልፍ፣ ከሰዓት ገንዳ። ትልልቆቹን አንዱ ወላጅ ማለዳ ይዟቸው አሞራ ገደል ሄዶ ሾርባ አብልቷቸው ይመለስ። ሁላችሁም አንድ ላይ መሆን አለባችሁ የሚል ሕግ የለም።

አያቶች ካሉ የቀኑ መሪ እነሱ ይሁኑ። ለእነሱ ቅዱስ ገብርኤል ቤተ ክርስቲያን፣ ሐይቅ ዳር ቡናና የዓሣ ምሳ ይበቃል። ባጃጅ ሲቀጠር ሁሌ ጠባብ ነው፤ አምስት ሆናችሁ በአንዱ ከምትጨናነቁ ሁለት ያዙ፣ ወይም ለግማሽ ቀን አንድ መኪና ተነጋግራችሁ ቅጠሩ።

ሁለት ሙሉ ቀን ካለ ሁለተኛውን ቀን ለአንድ ነገር ብቻ ስጡት። ልጆቹ ውሃ የሚወዱ ከሆነ ወንዶ ገነት፣ መራመድ የሚወዱ ከሆነ ጠዋት ታቦር፣ ከዚያ ብስክሌት። ሁለቱን በአንድ ቀን ለማድረግ መሞከር የሚያልቀው መንገድ ላይ ነው።

መሄጃ ላይም ምርጫ አለ። ከአዲስ አበባ ሐዋሳ 275 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። አውሮፕላን ጊዜ ይቆጥባል፣ ግን አብያታ ሻላንና ላንጋኖን ያስቀርባችኋል። በመኪና ከሆነ ከሞጆ በመቂ ወደ ባቱ ያለው ፈጣን መንገድ ጉዞውን ያቀላል፤ ከባቱ በኋላ መንገዱ ከብት፣ አህያ ጋሪና ባጃጅ ይበዛበታል፤ በሌሊት አትንዱ። ማለዳ 12 ሰዓት ከተነሳችሁ በመሄጃችሁ አብያታ ሻላን፣ በመመለሻችሁ ደግሞ የላንጋኖ ዋናን ማስገባት ይቻላል። በመመለሻው ቀን ከሐዋሳ ከ3 ሰዓት በፊት ውጡ፣ ላንጋኖ ላይ ምሳ ብሉ፣ ልጆቹ ይዋኙ፣ 9 ሰዓት ላይ ልብስ ቀይሩላቸውና ተነሱ፤ ከዚያ በኋላ የምትነሱ ከሆነ አዲስ አበባ መግቢያ ላይ መኪናው ውስጥ ትመሻላችሁ።